ዛፎቹ ደርቀው አይደለም፦ የታኅሣሥ ወግ ከስማይርና

 

ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ ብርድ ነው። ሚኒሶታ የሚኖር የቆየ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ስናወራ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ጸሎቴም አብሮ ይቀዘቅዛል። አገር ቤት ተራራው፣ ሜዳው፣ ወንዙ ራሱ ያስጸልያል። እዚህ ምን አለ? ግራጫ ሰማይና ራቁቱን የቆመ ዛፍ!» አለኝ። እሱ ብቻ አይደለም። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅም፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣም ይህንኑ እሰማለሁ። እግዚአብሔርን በፍጥረቱ ማየት የአገር ቤት ነገር ነው፤ የዚህ አገር ብርድ ግን እስኪያልፍ ድረስ ጥርስን ነክሶ መቻል ነው ብለን የተስማማን ይመስላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲያውም የራሳችን የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር በደንብ የገባኝ እዚህ ስማይርና፣ ብርዱ ውስጥ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ብርድን ደግሞ ከአሜሪካ አልተማርኩትም። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳር ሌሊት ውርጭ የመታው ባቄላ ጠዋት ላይ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ሲጠቁር አይቻለሁ። በመንዝ ባና ላይ ሌላ ባና ተደርቦልኝ እየተንቀጠቀጥኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት እኛ ዘንድ ተረት ሳይሆን የሐኪም ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ የምናገረው ብርድ ጌጥ ከሆነለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም።

መጀመሪያ የቃል ነገር አለብን። እኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። እዚህ ግን ዲሴምበር ሲመጣ «ክረምት ገባ» እንባባላለን። የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ምን ይላል? ታኅሣሥ 26 የሚገባው ዘመነ ሐጋይ ነው፣ ማለትም በጋ! ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር በጋ እያለኝ፣ እኔ ውጭ ቆሜ የመኪናዬን መስታወት ውርጭ በሱፐርማርኬት ካርድ እፍቃለሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ትስቃለች።

ብዙዎቻችን ይህን አለመገጣጠም ስናይ ወደ አንድ መደምደሚያ እንሄዳለን። የአባቶቻችን ዘመን አቆጣጠር የተሠራው ለዚያ ሰማይና ለዚያ አፈር ነው፤ እዚህ ያለን ሰዓትና ቢል ብቻ ነው እንላለን። በዚህም ምክንያት ልጆቻችንን ስለ ፍጥረት ስናስተምር ሁልጊዜ ያላዩትን አበባ፣ ያልረገጡትን ጭቃ እንነግራቸዋለን። ውጭ የቆመውን ዛፍ ግን ዝም እንለዋለን።

እስቲ አባቶቻችን ራሳቸው ምን እንዳደረጉ እንይ። ዘመነ ክረምትን ሲከፋፍሉት ለክፍሎቹ የሰጡት ስም ምንድን ነው? አንዱ ዘርዕ ደመና ይባላል፣ ዘሩና ደመናው። ሌላው መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚታሰብበት ነው። ከዚያ ዕጓለ ቋዓት ይመጣል፣ የቁራ ጫጩቶች! የቁራ ጫጩት አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ ሲያይ ማን እንደሚያጎርሰው የሚታሰብበት ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ ተመድቦለታል። ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ ተብሎም ለሚነጋው ሰማይ ቦታ ተሰጥቶታል። በትውፊታችንም ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባህ ብሎት ተስፋ ቆርጦ በተቀመጠበት ልቡን የመለሰለት ሰው አልነበረም። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀ እየተነሣ የሚታገል ትል ነው።

ለቁራ ጫጩት ቦታ ያልነፈገች ቤተ ክርስቲያን ውርጩን አይታ ዝም ብላ ታልፋለች? አላለፈችም። በእሳት ውስጥ የቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ ያመሰግኑ ዘንድ ከጠሯቸው ፍጥረታት መካከል ብርዱም፣ ውርጩም፣ በረዶውም አሉ። ግእዙ አስሐትያ የሚል ለብቻው የቆመ ቃል አለው። እድሜ ልካቸውን በረዶ በዓይናቸው ያላዩ የቆላ ዲያቆናት በረዶን ለምስጋና ሲጠሩ ኖረዋል። እኛ በረዶው ደጃችን ድረስ መጥቶልን የምንለው ግን «ኧረ ይኼ ብርድ!» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፣ ወደ ብርሃን።

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረዥሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ሆነን ቀኑ ማጠሩን ልብ የሚል ሰው የለም። አትላንታ ላይ ግን ልዩነቱ ከ4 ሰዓት በላይ ነው። በዲሴምበር 21 አካባቢ፣ በኛ ታኅሣሥ 12 ገደማ መሆኑ ነው፣ ፀሐይዋ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ወጥታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ቀኑ 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሹፌር፣ ቀን ተኝቶ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ከሆነ፣ ፀሐይን የሚያያት ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩና መጋዘን ውስጥ የሚውሉ ወገኖቼ ደግሞ ከእኔ ይብስባቸዋል።

በዚሁ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ምን ላይ ናት? ከገና በፊት ሦስት እሑዶች አሉን፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ነው። ብርሃን ከታኅሣሥ 14 እስከ 20። ኖላዊ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27። ነቢያቱ በጨለማ ሆነው ብርሃን እንዲላክላቸው የለመኑት ልመና የሚታሰብበት ሳምንት የሚገባው፣ እዚህ አገር የዓመቱ ጨለማ ጥግ ከደረሰ ሁለት ቀን በኋላ ነው ማለት ነው። ይህንን ከካላንደሩ ላይ አስተያይቼ ያገኘሁት ኤርፖርት ቆሜ ተራ ስጠብቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥን እንደ በፊቱ አላየሁትም።

አባቶቻችን ብርሃንን እዚያ ቦታ ላይ ያኖሩት የሰሜኑን ሌሊት ርዝመት ለክተው ነው እያልኩ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የራሳቸው ስሌትና ምክንያት አላቸው፤ እኔ ሹፌር ነኝ። የምለው ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ የብርሃን እሑድ ስትመጣ ውጭው በታኅሣሥ ፀሐይ ቦግ ያለ ነበር። ገለባው ያንጸባርቃል፣ አውድማው ላይ ዓይን አይገለጥም። በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ቆሞ «ብርሃን ላክልን» ማለት ለእኔ ዜማው ያማረ ቃል ነበር፣ በቃ። እዚህ ግን በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ገብቼ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያንኑ ልመና ስሰማ፣ ነቢያቱ ምን ጎድሏቸው እንደነበር ሰውነቴ ያውቀዋል። ከኤርምያስ ወይም ከኢሳይያስ ጋር አንድ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ነው። ታዲያ ጓደኛዬ «እዚህ ምን አለ?» ሲለኝ፣ ጨለማው አለ እለዋለሁ። ጨለማውን ያላየ ሰው የብርሃንን እሑድ ግማሿን ነው የሚያከብራት።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ከታንክስጊቪንግ ማግሥት ጀምሮ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ የፖስታ ሳጥኑ ሁሉ በመብራት ይጠመጠማል። ልጆች ይወዱታል፣ ልጆቹን አልቀየምም። እኛ ግን ብልጭ ድርግም የሚለውን ስናይ ሌሊቱን ራሱን ሳናየው እንቀራለን። ከቻላችሁ አንድ ማታ ወደ ቻታሁቺ ወንዝ ወረድ ብላችሁ ሞተሩንና መብራቱን አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ስልኩን ደብቁት። ቅጠል ስለሌለ ኮከቡ በቅርንጫፎቹ መካከል ይታያል፤ በበጋው፣ የፈረንጁን በጋ ማለቴ ነው፣ ያ ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ስለሆነ ሰማይ የሚባል አይታይበትም። የውኃው ድምፅም በብርድ ጊዜ ጠርቶ ይሰማል። እኔ እዚያ ተቀምጬ ብዙ አልጸልይም፤ ዝም እላለሁ። ዝምታውም ቢሆን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጂፒኤስ ሲያዝዘኝ ነው የምውለው።

ስለ ዛፎቹ ደግሞ የተሻለውን ትምህርት የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ጋ ለአራስ ጥየቃ ከጎጃም የመጡ፣ ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ ያጣፉ እናት። ከኤርፖርት ወደ ስማይርና ይዣቸው ስመጣ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እነዚህን ዛፎች ምን አቃጠላቸው?» አሉኝ።

«አልተቃጠሉም እማማ፣ ብርድ ስለሆነ ነው ቅጠላቸውን ያራገፉት» አልኳቸው።

«ይኼ ሁሉ ደርቆ ሳለ ታዲያ ምነው ለማገዶ አይቆርጡትም?»

ቤታቸው ደርሰን ሻንጣውን ካወረድኩ በኋላ በር ላይ ካለው ዛፍ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጌ ጫፉን አሳየኋቸው። እንደ ስንዴ ፍሬ የጠነከረች እምቡጥ አለችው። «ይቺ የሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ናት፤ ባለፈው ሙቀት ጊዜ ነው የተሠራችው» ስላቸው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጓት። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ «እንግዲያ ጾም ላይ ናቸው በለኛ!» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ገደማ ነው። እዚህ ሰፈር የኦኩ ቅጠል የመጨረሻውን የሚያራግፈውም በዚያው ሰሞን ነው። አሜሪካኖቹ ቱርካቸውን በሚያርዱበት ሳምንት ዛፉና እኛ አብረን ጾም እንገባለን ማለት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ቅጠሉን ነፋስ ነጠቀው እንላለን እንጂ የለቀቀው ዛፉ ራሱ ነው። በቅጠሉ አንገት ላይ ቀስ እያለ መለያ ሠርቶ፣ ቁስሉን አስቀድሞ ደፍኖ ነው የሚለቀው። ነፋሱ የተለቀቀውን ነው የሚወስደው። ቢች የሚባል አንድ ዛፍ ግን አለ፤ የደረቀ ቅጠሉን ሙጭጭ ብሎ ይዞ እስከ ፀደይ ይቆማል። አገር ቤት የነበረንን ማዕረግ እስከ ዛሬ በስማችን ፊት የምናስጠራ አንዳንዶቻችን ቢቾች ነን፣ እኔ ምን ላድርግ!

ቀልዱን ትቼ፣ እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመካከላችን በፈቃዱ ያልረገፈ ብዙ ሰው አለ። ጦርነት የገፈፈው፣ ስደት ያራቆተው ሰው አለ። እሱን ይዤ «ወንድሜ ጾም ላይ ነህ፣ ታብባለህ» ብለው ስድብ ነው። ዛፍ ምሳሌ የሚሆነው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው።

የሆነ ሆኖ ብርዱ ዛፉን ዝም ብሎ የሚያልፍበት መከራ አይደለም፤ ሥራ ይሠራበታል። ለዚህ ምስክር የምጠራው የጆርጂያን ኮክ ነው፣ መኪናችን ታርጋ ላይ የተሳለውን። የኮክ ዛፍ በብርድ ወራት የቅዝቃዜ ሰዓት ይቆጥራል። ሙቀቱ ከ45 ፋራናይት፣ በኛ 7 ዲግሪ ገደማ፣ በታች የሆነባቸውን ሰዓቶች ያጠራቅማል። እንደ ዝርያው 400 የሚበቃው አለ፣ እስከ 1,000 የሚፈልግም አለ። ሰዓቱ ካልሞላለት ፀደይ ቢመጣም፣ ፀሐይ ብትወጣም በወጉ አያብብም፤ ያበበውም ፍሬ አይዝም። በ2017 የጆርጂያ ክረምት በጣም ሞቃት ነበር። ሰው ሁሉ በቲሸርት ሲሄድ ደስ ብሎን ነበር። በዚያ ዓመት ከስቴቱ ኮክ 80 ከመቶ ያህሉ ጠፋ፤ ብርዱ አንሶት፣ ቀጥሎም ያለ ጊዜው የመጣ የማርች ውርጭ መትቶት። በ2023 ደግሞ ቀድሞ ያበበውን ውርጭ አግኝቶት ከ90 ከመቶ በላይ ጠፋ። የኛም አገር አፕል ስሙ የተጠራው ጨንቻ ደጋ ላይ ነው እንጂ አዋሽ ሜዳ ላይ አይደለም።

«ክረምት ሞት ነው፣ ፀደይ ትንሣኤ ነው» የሚለውን ስብከት ስሰማ የሚቆረቁረኝ ለዚህ ነው። ያምራል፣ ግን ብርዱን እንደ ባዶ ጊዜ ያስቆጥረዋል። ኮኩ እኮ አልሞተም። እየቆጠረ ነው። ጾማችንስ እንዲሁ አይደለም? 43 ቀን፣ 44 ቀን ብለን የምንቆጥረው ፋሲካው ወይም ገናው እስኪደርስ ጊዜ ለመግደል ነው ወይስ ቀኖቹ ራሳቸው ውስጣችን የሚሠሩት ነገር አለ? በአቋራጭ ያበበ ኮክ ምን እንደሚደርስበት አይተናል።

አሁን ወደ ተቃውሞው። አንድ ወንድማችን ይህን ሐሳብ ሳጫውተው፣ «አንተ በሂተር መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ብርድን ታደንቃለህ፣ ድልድይ ሥር ያለውን ሰው ጠይቀው» አለኝ። ከሁሉም የከበደኝ ተቃውሞ ይህ ነው። እውነቱን ነው፣ ብርድ ይገድላል። ሌሊት ዳውንታውን የሚሠራ ሹፌር ያውቀዋል፤ ከሕንፃ ሥር በሚወጣ ሙቅ አየር ላይ ካርቶን አንጥፈው የተኙትን በየቀኑ እናያለን።

ግን መጽሐፍ ቅዱስም ይህንን ያውቃል። ጌታ ስለ መከራው ቀን ሲናገር ሽሽቱ በክረምት እንዳይሆን ጸልዩ ብሏል፤ ብርድ ሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ቃል ነው። ዮሐንስም ጌታ በሰሎሞን መመላለሻ ይመላለስ የነበረበት ወቅት ክረምት እንደነበረ ይነግረናል። ልጅ ሳለሁ ያቺን ቦታ ስሰማ ዝናብ ያስጠለለ ነበር የሚመስለኝ፤ ፈረንጁ ሲያነበው ብርድ ይመስለዋል። የኢየሩሳሌም ክረምት ግን ሁለቱም ነው፣ ዝናብም ብርድም። የኛም ክረምት የነሱም ክረምት እዚያች መመላለሻ ውስጥ አሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ጳውሎስን ተመልከቱ። ሽማግሌ ነው፣ እስር ቤት ነው፣ ጓደኞቹ ተበትነዋል። ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት መጨረሻ ላይ ከሚለምናቸው ነገሮች ሁለቱን ልብ በሉ። አንደኛው ጢሮአዳ የተወው ልብሱ እንዲመጣለት ነው፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በርኖስ ይለዋል! የመንዝ ልጅ ይህን ቃል ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ለናንተ ማስረዳት አይቻለኝም፤ ጳውሎስን የአያቴን በርኖስ ለብሶ ነው የማየው። ሁለተኛው ልመና ጢሞቴዎስ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት ነው። ይህ ሁሉ ሥነ መለኮት ከተጻፈ በኋላ ቀዳሚው ሐዋርያ የሚፈልገው ልብስና ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ወንድሜ የምመልስለት እንዲህ ነው። በብርድ ጊዜ ስለ እግዚአብሔር ማሰብ በርኖሱ ላይ ካልደረሰ ሽርሽር ነው፤ በዚህ ካንተ ጋ ነኝ። ግን በርኖሱም ከዚያው ማሰብ ነው የሚመጣው። ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 2014፣ አትላንታ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ኢንች እንኳ ያልሞላ በረዶ ከተማዋን ሙሉ አሰራት። ሰው ሃይዌይ ላይ አደረ፣ ልጆች ትምህርት ቤትና አውቶብስ ውስጥ አደሩ። እኔም 285 ላይ ከነተሳፋሪዬ ሌሊቱን አሳልፌአለሁ። እኩለ ሌሊት አልፎ ከዳገቱ ላይ ካለው ሰፈር የማናውቃቸው ሰዎች ውኃና ብስኩት ይዘው፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ወረዱ። መስታወት እያንኳኩ ማን ራበው ይላሉ። ሆም ዲፖ ሱቆቹን ለማደሪያ ከፍቶ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አንዲት እናት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ በዜና የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ከገና ሦስት ሳምንት በኋላ ማደሪያ ያጣች እናትና አዲስ የተወለደች ሕፃን! በሌላው ቀን እርስ በርስ ጡሩንባ የምንነፋፋ ሰዎች እኮ ነን። በረዶው ሁላችንንም እኩል አቆመን፣ ከዚያ መተያየት ጀመርን።

ብቻችሁን የሰው ቤት ቤዝመንት ውስጥ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ለናንተ ከባድ ናቸው። ሌሎቻችሁ ደግሞ የስልክ ዝርዝራችሁን ውጡና ውረዱ፤ በበጋው ስትደዋወሉ የነበራችሁና ብርዱ ከገባ ድምፁ የጠፋ ሰው ይኖራል። ሳይብስ ዛሬ ደውሉለት።

ለማብቃት ሳይሆን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር አንድ የሰፈሬን ነገር ልጨምር። ስማይርና የሚለውን ስም ስንጠራ ብዙዎቻችን ከየት እንደመጣ አናስበውም። በዮሐንስ ራእይ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው ሰምርኔስ ናት! በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ የጸሎት ጉባኤ ሥፍራ በስሟ ተጠራ፣ በ1872 ከተማ ስትሆንም ስሙ ጸና። ድሃ ሆና ሳለ ባለጠጋ የተባለችው፣ በመልእክቱ ውስጥ ነቀፋ ካልመጣባቸው ከሁለቱ አንዷ፣ በኋላም ሽማግሌው ጳጳስ ፖሊካርፐስ ሰማዕት የሆነባት። ቃሉ በግሪክኛ ከርቤ ማለትም ነው፤ ለሕፃኑ ጌታ ከቀረቡት ከሦስቱ አንዱ። ከርቤ ደግሞ የሚገኘው የዛፉ ቅርፊት ሲቆስል ነው፤ የቦረናና የኦጋዴን ሰዎች ያውቁታል።

ከተማችን ቅጽል ስምም አላት፣ የጆንኩል ከተማ ትባላለች። ጆንኩል በየመንገዱ ዳር የተተከለች፣ እንደ አደይ ቢጫ የሆነች ትንሽ አበባ ናት። ሥሯ ሽንኩርት ይመስላል፣ በደንብ ለማበብም የብርድ ሳምንታት ያስፈልጓታል። ሌላው ሁሉ ገና ራቁቱን ሳለ በፌብሩዋሪ፣ አንዳንዴም ዐቢይ ጾም ገና ሲገባ ብቅ ትላለች። የኛ አደይ ከዝናብ ትወጣለች፣ የነሱ ከብርድ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አደይ አበባን የምታውቀው ከዘፈንና ከፕላስቲክ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የፖስታ ሳጥናችን ሥር ሦስት አረንጓዴ ጫፎች ከአፈር ብቅ ማለታቸውን አይታ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ዛሬ ሌሊት 24 ፋራናይት ነው የሚሆነው፣ ይሞታሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሞቱም፣ ይችሉታል አልኳት። አላመነችኝም፤ ማታ የራሷን ስካርፍ ልታለብሳቸው ወጣች፣ እናቷ ከለከለቻት። ጠዋት ውርጩ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሣሩ ላይ ተነስንሶ፣ እነሱ ግን ቀጥ ብለው ቆመው አገኘቻቸው። አሁን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በማስመሪያ ትለካቸዋለች። እስከ ትናንት አንድ ኢንች ተኩል ደርሰዋል። እናንተስ ጋ ምን ብቅ ብሏል? ሚኒሶታዎች፣ በረዶው ሥር ስላለ አይታየንም የምትሉ ከሆነም እሱንም ጻፉልኝ፣ ለልጄ አነብላታለሁ።